ተዉ፣ ወላጆቻችሁን ቁጭ አታድርጓቸው

የድሬዳዋ ልጆች፣ የከዚራም የመጋላም፣ የሳቢያንም የገንደ ቆሬም ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለራሴም ነው። ትንሽ ጠንከር ብል ታገሱኝ።

እናቶቻችንን ቁጭ አድርገን እየጨረስናቸው ነው።

በጥላቻ አይደለም፤ በፍቅር ነው። ወንበር እንስባለን። «ተቀመጪ እማዬ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» እንላለን። ዘንቢሉን ከእጇ እንቀማለን። ውሃ ልትቀዳ ብድግ ስትል «ምን ጎድሎብሽ ነው የምትነሺው?» ብለን እንቆጣለን። በሰፈራችን ደግሞ ይሄ ያስመርቃል። «እናቱን የሚጦር ልጅ፣ ተባረክ» ይባላል። እኔም በዚህ ስመረቅ ነው የኖርኩት።

የእኔን ልንገራችሁ። እናቴ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላም ጠዋት ጠዋት ከፊራ ገበያ ወርዳ፣ ቲማቲሙን መርጣ፣ ሻጯን ተከራክራ፣ በእግሯ ነበር የምትመለሰው። «ይበቃሻል» አልኳት። ሠራተኛ ቀጠርኩላት። ሲቀመጡበት ስምጥ የሚያደርግ ሶፋ ገዛሁላት። ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊቷ አዞርኩላት። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ግድም ቆይቶ፣ አንድ ቀን ለቅሶ ልንደርስ ባጃጅ አስቆምን። እናቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ ሥር በሁለት እጇ ያዘች። እንደ ዕቃ አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ደግሞ ግራውን። ሹፌሩ ወደኋላ ዞር ብሎ ዝም ብሎ ጠበቃት። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ነጠላዋን አስተካክላ «ሂድ ልጄ» አለችው። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ቃል አልወጣኝም። እግሯን ማንሳት ያቃታት መቼ ነው? አንድ ቤት እየኖርን እንዴት አላየሁም?

ወደኋላ ሳስበው ሁሉም ነገር ነግሮኝ ነበር። የሃይላንድ ክዳን በጎረቤት ልጅ ማስከፈት ጀምራ ነበር። ጀበናውን በሁለት እጇ ነበር የምታነሳው። ሸበጧ ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ከውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር። «እርጅና ነው» እያልኩ አለፍኩት።

እርጅና ብቻ አይደለም። ይሄ ነገር ስም አለው። ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ የሥጋ ማነስ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ኢርዊን ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ። ሰው ከ30 ዓመቱ ወዲያ በየአስር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ጡንቻ ያጣል። ከ60 በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። ይሄን ዕድሜ ያመጣዋል፣ ማንም ሙሉ በሙሉ አያመልጠውም። ነገር ግን አንዱ በ80 ዓመቱ መስጊድ በእግሩ ሲሄድ ሌላው በ65 ከአልጋው ለመነሳት ሰው የሚጠራው በዕድሜ ብቻ አይደለም። በመሃል የእኛ እጅ አለበት።

ከሁሉም የከፋው መቀመጥ ነው። በተለይ መተኛት። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ምንም ሕመም የሌለባቸው 12 አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። ስቡ አይደለም የሄደው፤ ጡንቻው ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጤነኞች ናቸው። እኛ ዘንድ እናት ጉንፋን ሲይዛት ስንት ቀን ነው የምናስተኛት? ወድቃ ወለም ሲላት ስንት ሳምንት? ጠያቂው ሁሉ እየመጣ «አረፍ በይ፣ እንዳትነሺ» ይላታል። እሷም ታከብረንና ትተኛለች። ስትነሳ ጉንፋኑ ለቋታል፣ እግሯ ግን አብሮ ሄዷል። እባካችሁ፣ ወላጅ ሲታመም ሐኪሙን ስለ መድኃኒቱ ብቻ አትጠይቁ። «ከመቼ ጀምሮ ትቁም? ስንት እርምጃ ትሂድ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ማዕዳችን ነው። እናቶች ሥጋውን ለልጅ ልጅ ይገፋሉ። «እኔ ጥርስ የለኝም፣ እነሱ ይብሉ» ይላሉ። እኛም እንቀበላለን። ከዚያ ምሳዋ ሻይ በዳቦ ይሆናል፣ ራቷም ሻይ በዳቦ። ጡንቻ ግን በዳቦ አይሠራም። ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ያረጀ ሰውነት ደግሞ ከወጣቱ ይበልጥ ይፈልጋል። ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን እናት ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልጋታል ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። እስቲ የእናታችሁን የትናንት ምግብ ደምሩት። እኔ ደምሬ ደንግጫለሁ።

ድሬ ላይ ሆነን ደግሞ ቸገረን አንበል። ፉል ያለበት ከተማ ነው። የግመል ወተት አለ። ጥርስ ከሌላት ሥጋው ይፈጭላት፣ እንቁላሉ ፍርፍር ይሁንላት። በጾም ወቅት ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው ይብዛላት፤ እንጀራውን አብዝቶ ወጡን ማሳነስ ይቅር። ዕድሜ ሲገፋ ረሃብ ራሱ ይደክማል፤ «አልራበኝም» ስትል እውነቷን ነው። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ ስጧት። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አሁን አባቶችን ልናገር። የምናገረው ደስ አይላችሁም፤ ግን ማን ይናገረው? ጫት ምግብ እንደሚዘጋ የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ለዚህም ነው ከመቃማችን በፊት በደንብ የምንበላው። ወጣቱ ያካክሰዋል። የ70 ዓመት አባት ግን ጠዋት ትንሽ ይቀምሳል፣ ከቀትር በኋላ ፍራሹ ላይ ትራሱን ተደግፎ ይቀመጣል፣ ማታ ራት ሲቀርብለት «ተዉኝ» ይላል። አምስትና ስድስት ሰዓት መቀመጥ፣ በዚያ ላይ ያልተበላ ራት። ይሄ በየቀኑ ሲሆን ጭኑ ከየት ሥጋ ያመጣል? ሲጋራ ከተጨመረበትማ ጉዳቱ ይብሳል። አባቶቻችሁን አታዋርዷቸው። ግን ራታቸውን ሳይበሉ አይደሩ፣ ከመቀመጫቸውም በየመሃሉ አስነሷቸው።

ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ፈጥኖ ጡንቻ ያጣል፤ ስኳሩን የሚከታተል ልጅ እግሩንም ይከታተል። ይህን ሁሉ ፀሐይ ይዘን እናቶችን ከቤት ካላወጣናቸው ቫይታሚን ዲ ያንሳቸዋል፣ ያም ጡንቻን ያደክማል። ብቸኝነትም ምግብ ያስጠላል። ውጭ አገር ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ የምትልኩት ገንዘብ ሶፋ ከሚሆን አብሯት ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ቢሆን ይሻላል።

አንድ የምትሸወዱበት ነገር አለ። «እናቴ እንኳን ከሲታ አይደለችም፣ ወፍራ የለም እንዴ?» ትላላችሁ። የእኔም እናት አልከሳችም ነበር። ሥጋው ሲሄድ ቦታውን ስብ ይይዘዋል፤ ሚዛኑ ያው ነው፣ ቀሚሱም ያው ነው። ስለዚህ በዓይን አትመኑ። ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ አስደግፉ። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ትቀመጥ። ከዚያ 5 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትነሳና ትቀመጥ። እናንተ አጠገቧ ቁሙ፣ ሰዓት ያዙ። ከ15 ሰከንድ ካለፈ፣ ወይም እጇን ሳትጠቀም መነሳት ካቃታት፣ የአውሮፓ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የማስጠንቀቂያ መስመር ላይ ናት። ሐኪም ይያት። እናቴ ያኔ ሁለት ጊዜ ተነስታ በሦስተኛው የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

«አንዴ ከሄደ ሄደ» የሚል ካለ ይሄን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የቦስተን ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ወደ 90 የሆኑ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠሩ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። 90 ዓመት! የእኛ እናቶች በ65 «ከእንግዲህማ» የሚባሉት በምን ሒሳብ ነው?

ማሽን ፍለጋ አትውጡ። ሶላት ላይ መውረድና መነሳት፣ በዐቢይ ጾም መስገድ፣ መጅሊስ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ መነሳት፣ ሁሉም እግር ያሠራል። ጉልበቱ የታመመ ሰው ወንበር ላይ ይስገድ፣ እሱን አልነካም። ግን ገና መውረድ ለሚችለው ወንበር ተሽቀዳድመን የምናቀርበው እኛ ነን።

እኔ ሶፋውን ከሳሎን አወጣሁት። እናቴ መጀመሪያ ተቀየመችኝ። አሁን በየምግቡ ፊት ከወንበሯ 5 ጊዜ ትነሳለች፤ መጀመሪያ እጄን ይዛ፣ በኋላ ሳትይዝ። እንቁላሏን ሳትበላ ሳህኑ አይነሳም። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ በከዚራ ዛፎች ጥላ እንሄዳለን። ከአራት ወር በኋላ ባጃጁ ላይ እግሯን በእጇ ሳታነሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከፊራ እንወርዳለን፤ ዘንቢሉን የምትይዘው እሷ ናት፣ እኔ ባዶ እጄን አጠገቧ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ይቆጣኛል። ባለፈው አንድ ጎልማሳ መጥቶ ከእጇ ሊቀበላት ሲል «ተው ልጄ፣ እኔው እይዘዋለሁ» አለችው። ጎማ ተራ ጋ ስትደርስ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች፣ ትንሽ ተነፈሰች፣ በሌላ እጇ ይዛ ቀጠለች። እባካችሁ መንገድ ላይ ስታገኙን ሰላም በሏት እንጂ ዘንቢሉን አትቀበሏት።