ሆኪ አጋማሽ የለውም፣ ገብቶኛል!

እሺ፣ ዛሬ ክርስትናው ላይ «አጋማሽ» የምትል ቃል አምልጣኛለች። የበረዶ ሆኪ አጋማሽ የለውም። ሦስት ፒሪየድ ነው፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። አውቃለሁ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንቅልፌን አጥቼ ያየሁት ነገር ነው። አሁን ሁላችሁም ያንን የሚንከባለል የሳቅ ምስል መላክ አቁሙ። በተለይ አንተ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ሽሮው ትን እስኪልህ የሳቅከው። ጠዋት መኪናህ አልነሳ ሲልህ ገመድ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ፣ እንተያያለን።

መኪና ውስጥ ነኝ፣ አዳራሹ በር ላይ። ሞተር አስነስቼ የመስታወቱ በረዶ እስኪለቅ እየጠበቅኩ ነው። ባለቤቴ እየተሰናበተች ነው። የእሷን ስንብት ታውቁታላችሁ፣ ከኦቨርታይም (ከጭማሪው ሰዓት) ይብሳል። ስለዚህ ጊዜም አለኝ፣ ንዴትም አለኝ።

ትናንት ዐርብ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 ቀን 2025፣ የቡድናችን የኤድመንተን ኦይለርስ አለቆች በረኛችንን ለፒትስበርግ ለወጡት። ስቱዋርት ስኪነርን! የኤድመንተን ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ በ2017 ድራፍት (ቡድኖች ታዳጊዎችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው) 78ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ፍጻሜ ያደረሰን። እሱን ብቻ ሰጥተው ቢሆን ዝም እል ነበር። ተከላካዩን ብሬት ኩላክን ጨመሩ። ያም አልበቃ ብሎ የ2029 የሁለተኛ ዙር ድራፍት ተራችንን መረቁበት። መረቁበት! መርካቶ ምርቃት የሚጠይቀው ገዢ ነው። እኛ ገዢም ሆነን፣ መራቂም ሆነን።

የመጣው ማን ነው? ትሪስታን ጃሪ የሚባል በረኛ። በዓመት 5.375 ሚሊዮን ዶላር፣ እስከ 2028 ድረስ። ስኪነር 2.6 ሚሊዮን ነበር የሚበላው፣ ውሉም በዚህ ዓመት መጨረሻ ያልቅ ነበር። ይኸው ጃሪ ባለፈው ጥር ፒትስበርግ ዌቨር ላይ አውጥቶት ነበር። ዌቨር ማለት፣ ለማታውቁት፣ እዚህ አገር ሰው ያረጀ ሶፋውን ደጅ አውጥቶ «የፈለገ ይውሰድ» ብሎ ወረቀት እንደሚለጥፍበት ነው። ማንም አልወሰደውም። እኛም በሩ ላይ አልፈን ሄድን። በነጻ እኮ ነበር! 11 ወር ጠብቀን፣ ያንኑ ሶፋ በረኛችንንና ተከላካያችንን ከፍለን ቤታችን አስገባነው። ዘንድሮ ጥሩ ጀምሯል ትሉኛላችሁ። ሶፋውን አጥበውታል በሉኛ። አዎ፣ ሳም ፑሊን የሚባል ልጅም አብሮ መጥቷል። ትራሱ መሆኑ ነው።

ይህንን ነው ጠረጴዛው ላይ በሥርዓቱ ሳስረዳ የነበረው። ክርስትና ነው፣ ጾም ነው፣ ክትፎ የለም፣ ሰው ሥራ ፈትቶ ጆሮውን ሰጥቶኛል። እውነቱን ለመናገር እያማረልኝ ነበር። የባለቤቴ አጎት ከማዶ ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ ያ ብርቱካናማ ኮፍያ። ሱፍ ፍትፍታቸውን እያጣጣሙ ዝም ብለው ይሰሙኛል። ዝምታቸው ነበር ሊያነቃኝ የሚገባው። እሳቸው ዝም ካሉ ሰው ሊበሉ ነው።

እኔ ሆዬ ሞቅ ብሎኛል። «የዛሬ ዓመት ተኩል እኮ ከፍሎሪዳ ጋር በሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ስኪነር ሁለት ጎል ብቻ ነው የገባበት፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይማ...»

አልኩት። ከአፌ ወጣ። ተወልዶ እስኪመጣ ድረስ ኳስ ብቻ ያየ ምላስ ነው፣ ምን ላድርገው?

እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ። ጣት በጣት።

«ምን ላይ አልክ?»

«ማለቴ... ሁለተኛው ፒሪየድ...»

«የለም፣ የለም። መጀመሪያ ያልካትን ድገማት።»

«አምልጦኝ ነው ጋሼ።»

«ሁለተኛ አጋማሽ!» ወደ ሴቶቹ ጠረጴዛ ዞሩ። «ሰማችሁልኝ? ሆኪ አጋማሽ አለው ብሏል! ለዕረፍቱ ብርቱካን ላጡለት እንጂ!»

አዳራሹ ፈነዳ። ቄሱ ሳይቀሩ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ዛሬ ክርስትና የተነሳችው ሕፃን እንኳ ለቅሶዋን አቁማ ያየችኝ መሰለኝ። ልጄ፣ የገዛ ልጄ፣ ስምንት ዓመቱ፣ በስንት ልመና ስኬት ጫማ የገዛሁለት፣ ካንገቱ ቀና ብሎ «ዳዲ፣ ሪሊ?» አለኝ።

ደግሞ አላበቁም።

«ለመሆኑ ኤድመንተን መቼ ነው የመጣኸው?»

«በ2016።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?» ሌላ ሳቅ። «እሺ፣ ግሬትስኪ ሲሸጥ የት ነበርክ?»

«አልተወለድኩም ነበር ጋሼ።»

«በቃ። ያልተወለደ ሰው ስለ በረኛ አያወራም። ሽሮህን ብላ።»

ሽሮህን ብላ! የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የቤት ዕዳ እከፍላለሁ። የሌሊት ፈረቃ ስሠራ አድሬ ነው ክርስትና የመጣሁት። ሽሮህን ብላ!

በላሁ። ምን አደርጋለሁ፣ የሚስት አጎት ናቸው። አንድ ቃል ብመልስ እስከ ፋሲካ ቤቴ ውስጥ ሰላም የለም።

የግሬትስኪን ታሪክ ያልሰማ ካለ (የለም፣ ግን ይሁን) እነሆ። በፈረንጆቹ ኦገስት 9 ቀን 1988 ነው። እሳቸው ከሱዳን መጥተው ዓመት አልሞላቸውም፣ ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥባሉ። ሼፉ ድስት ፊት ቆሞ ሲያለቅስ አዩት። ዘመድ የሞተበት መስሏቸው ጠጋ ብለው «እግዜር ያጽናህ» አሉት፣ በአማርኛ። ኋላ ሲጣራ ሰውየው የሚያለቅሰው የቡድናችን ትልቁ ኮከብ ዌይን ግሬትስኪ ለሎስ አንጀለስ ስለተሸጠ ነው። 15 ሚሊዮን ዶላር ሲደመር ተጫዋቾች ሲደመር ድራፍት። ጥሩ ታሪክ ነው፣ አልክድም። ግን አርባ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ በተነገረ ቁጥር የሼፉ ለቅሶ እየባሰበት ነው። ባለፈው ጥምቀት ጭራሽ መሬት ላይ ወድቆ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚያወጡት ትምህርት ነው የሚያቃጥለኝ። «ግሬትስኪን ሸጠን በ1990 ዋንጫ በልተናል፣ ስለዚህ ማንም ቢሸጥ አትደንግጥ።» ጋሼ፣ ከ1990 ወዲህ 35 ዓመት ሆኗል! አምስቱንም ዋንጫ ያነሱት ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጅ እያቀፉ ነው!

ቆይ፣ ከዚህም የባሰ ላሳያችሁ። የእሳቸው ክርክር እውነት አለው፣ ማስረጃው ደግሞ ያለው እኔ እጅ ነው። ለግሬትስኪ ከመጡት አንዱ ጂሚ ካርሰን ነበር። ልጁ እዚህ መቆየት አልፈለገም፣ በ1989 ኖቬምበር ላይ ለዲትሮይት ሰጡት። በእሱ ምትክ ፒተር ክሊማ፣ ጆ መርፊና አዳም ግሬቭስ መጡ። መርፊና ግሬቭስ ከማርቲን ጄሊና ጋር ሆነው፣ እሱም ከግሬትስኪ ልውውጥ የመጣ ነው፣ «የልጆቹ መስመር» የተባሉት ሦስት አጥቂዎች ሆኑ። ክሊማ ደግሞ በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ቦስተን ላይ በሦስተኛው ኦቨርታይም የማሸነፊያዋን ጎል አገባት። የ1990ው ዋንጫ ግማሹ የዚያ ሽያጭ ፍሬ ነው! እሳቸው ይህን አያውቁም። በዚያ ዓመት እዚህ ነበሩ፣ ዋንጫው ሲነሳ መንገድ ላይ ጨፍረዋል፣ ግን አያውቁትም። እኔ ሌሊት ቅባታም ሳህን ካጠብኩ በኋላ በስልኬ ሳነብ ነው የደረስኩበት። ልነግራቸው? እንዳሸነፉ በማስረጃ ላረጋግጥላቸው? አላብድም።

ሌሎቻችሁም አልተረፋችሁም። የኳስ ደጋፊዎቹን ማለቴ ነው። በየሳምንቱ ቡና ስንጠጣ «እንዴት ሰው እንደ በሬ ይለወጣል?» ትሉኛላችሁ። ይለወጣል! «ቡድኑ ሀብታም ከሆነ ሁለቱንም በረኛ ለምን አይዝም?» ካፕ አለ ወንድሜ፣ የደሞዝ ጣሪያ፣ ካፕ! የአረብ ሼክ ቢገዛውም ለውጥ የለውም። ዘንድሮ፣ በ2025-26፣ 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የወር አስቤዛ በሉት፣ ካለቀ አለቀ። አሁን ደምሩልኝ፦ ድራይዛይትል 14 ሚሊዮን፣ ማክዴቪድ 12.5፣ ቡሻርድ 10.5፣ ናርስ 9.25። አራት ሰው 46.25 ሚሊዮን በላ። በቀረው ዐሥራ ዘጠኝ ሰው አብላ። ናርስ ላይ ብዙ መናገር እችል ነበር። ግን ውሉ ውስጥ «ካልፈቀድኩ ማንም አይነቀንቀኝም» የምትል አንቀጽ ስላለች እሱም እንደ እኔ አማት ቤት ውስጥ የተተከለ ነው፣ እናልፈዋለን።

በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ርካሽ ልጅ ወርቅ ነው። ከጃሪ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄው ነው፣ ዛሬም ሳስበው ይጠዘጥዘኛል። በ2024 ክረምት፣ ፍጻሜ ደርሰን በመጣን በሳምንቱ፣ ገበያ ወጥተው ቪክቶር አርቪድሰንን በ4 ሚሊዮን፣ ጄፍ ስኪነርን በ3 ሚሊዮን አስፈረሙ። (ሌላኛው ስኪነር ነው፣ ከበረኛው ጋር አታምታቱት።) አንዱ 31 ዓመት፣ አንዱ 32። አስቤዛው አለቀ። የሴንት ሉዊስ ቡድን ሰዎች ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ሲያዩን ቆይተው ኦገስት ላይ ለሁለቱ ልጆቻችን በአንድ ቀን የውል ወረቀት ላኩ፤ ለፊሊፕ ብሮበርግ 4.58 ሚሊዮን፣ ለዲላን ሆሎዌይ 2.29። እኩል ከከፈልክ ይቀሩልሃል፣ ካልከፈልክ ይሄዳሉ። አንድ ሳምንት ተሰጠን። አልከፈልንም። 23 እና 22 ዓመት የሆናቸው፣ በመጀመሪያው ዙር መርጠን ያሳደግናቸው ልጆች፣ በአንድ የሁለተኛ ዙርና በአንድ የሦስተኛ ዙር ድራፍት ሄዱ። ሆሎዌይ በዚያው ዓመት 26 ጎል አገባ፣ ጎልና አሲስት ተደምሮ 63 ነጥብ። ሽማግሌዎቹስ? ጄፍ በዓመቱ ወጣ። አርቪድሰንን ለቦስተን በአምስተኛ ዙር ድራፍት ሰጠነው። ሁለት ወይፈን ሰጥተን ሁለት ያረጀ በሬ አንድ ክረምት አረስንበት፣ ከዚያ ቆዳውን ሸጥን። በሬ ካላችሁ እንዲህ ነው የሚለወጠው!

አጥቂያችንን ቴይለር ሆልን በተከላካዩ አዳም ላርሰን የለወጡ ቀን ግን እዚህ ገና አንድ ወሬ አላውቅም ነበር። በ2016 ነው፣ እኔ በመጣሁበት ዓመት። ሆል ሁለት ዓመት ሳይሞላው ኒው ጀርሲ ላይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። የሥራ ቦታ አንድ ፈረንጅ በተናደደ ቁጥር «አንድ ለአንድ! አንድ ለአንድ!» ይል ነበር፣ እኔ የታክሲ ረዳት መስሎኝ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፣ መቼም ቄሱ ራቅ ብለዋል። ባለፈው ሰኔ ፍሎሪዳ 5 ለ 1 አድርጋ ዋንጫውን ስትወስድ፣ ስኪነርን ከሁላችሁም በላይ የሰደብኩት እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ የልጄን ስሊፐር ወርውሬያለሁ። «ይህን ሰው አባሩልኝ» ብዬ እዚሁ ገጽ ላይ ጽፌያለሁ፣ ቆፍራችሁ እንዳታወጡት፣ አጥፍቼዋለሁ። አዎ፣ ይለወጥ ብያለሁ። ግን እንዲህ ነው? ካልጠፋ በረኛ? ኮከባችን ማክዴቪድ በኦክቶበር ለሁለት ዓመት ብቻ ነው የፈረመው። እስከ 2028 ዋንጫ ካልመጣ ሻንጣውን ይዞ ነው። ያኔ የሚያለቅስ ሼፍ አይጠፋም፣ ያኔ እኔም ተወልጃለሁ፣ እኔም ለሌላ ጎረምሳ «ማክዴቪድ ሲሄድ የት ነበርክ?» እላለሁ። ይህን ብዬ ራሴን ሳጽናና ነው የቆየሁት፣ ስታስቡት እንዴት ያለ መከራ ነው?

ጃሪ ዛሬ ማታ ከቶሮንቶ ጋር ይገባል እያሉ ነው። ጋሼ ደግሞ ሲወጡ ሰምቻቸዋለሁ፣ «እሱም የእኛው ልጅ ነው፣ ለኤድመንተን ታዳጊ ቡድን ለኦይል ኪንግስ ተጫውቶ በ2014 የታዳጊዎቹን ዋንጫ ሜሞሪያል ካፕ አንስቷል» እያሉ ለቄሱ ሲያስረዱ። ቄሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለእሳቸው ማንም ሽሮህን ብላ አላላቸውም።

ቆይ፣ መስኮት እየተንኳኳ ነው።

እሳቸው ናቸው። መኪናቸው አልነሳም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ብሎክ ሂተሩን (የሞተር ማሞቂያውን) ሳይሰኩት ነው ያደሩት። 37 ዓመት ኤድመንተን የኖረ ሰው! ገመዴን ሳወጣ «ተወው፣ ጊዜ የለም፣ አንተ ጋ እናየዋለን» ብለው ኋላ ከልጄ ጎን ገቡ፣ የተጠቀለለ ሽሮ ይዘዋል። ባለቤቴም መጣች። ኮፍያውን አስተካክለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ንዳው እንጂ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያመልጠን ነው።»