«የለም» ለሚሉ ጀግኖች

ዛሬ እጅ የምነሳው ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ «የለም» ለሚለው ሰው ነው። ታውቁታላችሁ። እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ ከታወቀም በላይ ታውቁታላችሁ።

አፉ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ፈንገስ ነው። ፍሉኮናዞል ሊወስድ መጥቷል። ፋርማሲስቷ ትጠይቃለች።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«የጉበት፣ የኩላሊት፣ የልብ ችግር?»

«የለም፣ የለም፣ የለም።»

ስለ አለርጂ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት መልሱ ቀድሟታል። ፈተና ላይ እንዲህ ብንፈጥን የት በደረስን!

ኪሱ ውስጥ ግን ዋርፋሪን አለ። ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ የሚውጠው። ታዲያ ዋሸ ልትሉ ነው? አፋችሁን ያዙ! ለዓመታት የዋጡት ኪኒን መድኃኒትነቱ ቀርቶ ቤተሰብ ይሆናል። ቤተሰቡን በመስኮት የሚዘረዝር ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ችግሩ ፍሉኮናዞል ይህን ዝምድና አያውቅም። ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርበትን ኢንዛይም ያስርበታል። ዋርፋሪኑ መውጫ አጥቶ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ድድ መድማት ይጀምራል፤ አያድርስና ከድድም ያልፋል። «ቤተሰቡ» የስኳር ሕመሙ ኪኒን ግሊበንክላሚድ ከሆነ ስኳር ከሚገባው በላይ ወርዶ ያንቀጠቅጣል። የኮሌስትሮሉ ሲምቫስታቲን ከሆነ ጡንቻ ይጎዳል። አንቲባዮቲኩ ኤሪትሮማይሲን ከሆነ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ጀግናችን ግን ምን ገዶት! ልቡ ሲዛባ «ድካም ነው» ይላል።

ከሱ የሚበልጥ ስትራቴጂስትም አለ። «አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ እውጣለሁ፤ አይገናኙም» የሚለው። ግሩም ዘዴ ነው። የፍሉኮናዞል ግማሹ ብቻ ከሰውነት ለመውጣት ወደ 30 ሰዓት ስለሚፈጅበት፣ ማታ የሚመጣውን እንግዳ ቤት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ለጋሷንም አልዘልም። መሳቢያዋን ከፍታ የተረፈች ባለ 150 ሚሊግራም ፍሬ የምታድል፣ «ለእኔ አንዷ በቅታኛለች!» የምትል። እሷ የዳነችው ከብልት ፈንገስ ነው፤ ለአፍ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወሰዳል። ተቀባይዋ ነፍሰ ጡር ትሁን አትሁን? መሳቢያ አይጠይቅም። ሐኪም ቢሆን ይጠይቃል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነችም ከሚዋጠው ይልቅ እዚያው ቦታው ላይ የሚሠራውን ይመርጥላታል። ይህ ሁሉ ጣጣ መሳቢያ ቤት የለም።

ጀግናችን ታዲያ ሰሞኑን ተመልሶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ፈንገሱ ለሦስተኛ ጊዜ ወጥቶበት። ፋርማሲስቷ አየት አደረገችው።

«ሲመላለስ ከጀርባው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። በቅርብ የተመረመሩት የስኳር ውጤት አለ?»

«የለም።»

ይህችኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።