ዱላ ሲመጣ ወዴት ነው የሚኬደው፣ ሽማግሌ ጋር ወይስ ፍርድ ቤት?

ጥያቄው አጭር ነው። ባል እጁን ካነሳ ሚስት መጀመሪያ መሄድ ያለባት ሽማግሌ ጋር ነው ወይስ ሕግ ፊት? ሽማግሌ ይቅደም የሚሉት አርሲ ተወልደው አዲስ አበባ ያረጁ፣ በሰፈራቸው እድር ብቸኛዋ ሴት ሽማግሌ ናቸው። ሕግ ይቅደም የምትለው በቤተሰብና በጥቃት ጉዳይ የምትሰራ ጠበቃ ናት። የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ይተዋወቃሉ፣ ስማችን ይቅር ስላሉ ስራቸውን ጽፈናል።

ሽማግሌዋ፦ እኔ ፍርድ ቤትን ሳላውቅ አይደለም የማማው፣ አውቄው ነው። ከ2001 እስከ 2006 ተመላልሼበታለሁ። ፍቺው እንኳን ቶሎ ነው ያለቀው፣ ዳኛዋ ተነጋገሩ ብላ ጊዜ ሰጠችን፣ አልሆነም፣ ፈታችን፣ በቃ። ጉዱ ያለው ንብረቱ ላይ ነው። አንድ ቤትና አንድ ሚኒባስ ነው ያለን። ቤቱን መሀንዲስ ይገምት ተባለ፣ መሀንዲሱ እስኪመጣ ሶስት ቀጠሮ፣ ግምቱ ሲመጣ ሰውየው ተቃወመ፣ ሌላ መሀንዲስ፣ ከዛ ይግባኝ፣ ከዛ ደሞ ፍርዱን ለማስፈጸም አፈጻጸም የሚባል ሌላ መዝገብ። እኔ ማስረጃዬን በጥቁር ፌስታል ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስሜ እስኪጠራ እግሬ ያብጣል። አንድ ቀን መዝገቡ አልተገኘም፣ አንድ ቀን ዳኛዋ ስልጠና ላይ ናት፣ አንድ ቀን መብራት የለም። ፌስታሉ ተቀደደ ቀየርኩት፣ ደሞ ተቀደደ ቀየርኩት፣ ሶስተኛው ላይ ቤቱ በሀራጅ ተሸጠ። ከድርሻዬ ለጠበቃና ለታክሲ የሄደውን አታስቆጥሪኝ። ሚኒባሷን ደሞ ገና ክሱ ሲከፈት ሸጧታል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን በጥፊ ሁለት ጥርሴን ያነቃነቀው ሰውዬ ነው እዛ ጋ ከረባት አስሮ የሚቆመው፣ በዛ ሁሉ አመት "መትቶሽ ነበር ወይ?" ያለኝ ሰው ግን የለም። ስለ ካርታ ጠየቁኝ፣ ስለ ሊብሬ ጠየቁኝ።

እህቴ በዛው ሰሞን ተጣላች። ሰባት ሽማግሌ ቅዳሜ ከሰአት ተቀመጠ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ እሷ ኮንዶሚኒየሙን እሱ ሱቁን ያዙ፣ ስምምነታቸውን ይዘው ሄደው አጸደቁት። እስቲ አንቺ ፍረጂ።

ጠበቃዋ፦ እትዬ፣ የእርስዎን ኮሪደር እኔም አውቀዋለሁ፣ አሁንም እዛው ነው የምውለው፣ አልከራከርዎትም። ግን ጥርስዎን ማንም አልጠየቀም ሲሉ መጠየቅ የሚችልበት ቦታ ስለሌለ አይደለም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 84 ላይ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ ሊከፍል ይችላል ይላል፣ ጠበቃዎ ግን አልጠየቀልዎትም። ሚኒባሷም እንደዛው። ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም፣ ሽያጩን ባወቁ በስድስት ወር ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ይችሉ ነበር።

ሽማግሌዋ፦ ማን ነገረኝና!

ጠበቃዋ፦ እሱ ልክ ነዎት፣ ማንም አልነገረዎትም። አሁን ደሞ የኔን ልንገርዎት። ባለፈው አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አርጋ፣ ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። ከጡቷ ስር አጣጥፋ የያዘችውን የስኩዌር ደብተር ገጽ አወጣችልኝ። የሽማግሌ ውል ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ላይመታት ምሏል፣ ቢመታት ብር 5,000 ለሽማግሌዎች ይቀጣል" ይላል፣ ከስር አምስት ፊርማና የእሷ አውራ ጣት። የሱም ፊርማ አለ፣ ቆንጆ ፊርማ ነው ደሞ፣ ተምሯል። በሁለተኛው ወር መታት። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፣ ቅጣቱን ክፈል አሉት፣ ከፈለ። ከየት? ከቤት ወጪ። እሷ እንጀራ ሸጣ ካጠራቀመችው ጋር አንድ ላይ ከሚቀመጠው ብር። የጋራ ንብረት ነዋ! ለተመታችበት ግማሹን ራሷ ከፈለች ማለት ነው፣ ሽማግሌዎቹም በዛ ብር ምሳ በሉ።

እኔ ሽማግሌ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። ያልኩት፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው ትዳሩን ለማዳን ነው፣ እሷን ለማዳን አይደለም። ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ቀን አለ፣ ዱላ የገባ ቀን ግን ይለያያሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ ፍቺ የሚወስነው የቤተዘመድ ሽማግሌ ነበር፣ በዛው ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስት ደሞ ታዛዥ። ሴቶች ስንት አመት ጮኸው ነው በ1992 ሕጉ የተቀየረው፣ ማፋታት የፍርድ ቤት ብቻ የሆነው። እኛ ግን ዛሬም መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ሽማግሌው ደሞ መጀመሪያ "ታገሺ"።

ሽማግሌዋ፦ የምሳዋን ነገር ሰምቼ አፍሬያለሁ፣ እንደዛ የሚያደርጉ አሉ፣ የኛ እድር ውስጥም አንድ ሁለት ሆዳም አይጠፋም። ግን የኔ ልጅ፣ ልጅቷን ወስደሽ ከሰስሽላት እንበል። ታሰረ። የቤት ኪራዩ ጠዋት ይጠየቃል፣ ልጆቹ ደብተር ይፈልጋሉ፣ አማቷ መጥታ "ልጄን አሳሰርሽው" ብላ በር ላይ ትጮሀለች። ያን ቀን አንቺ ሌላ ችሎት ነሽ። እኔ ነኝ በሩ ላይ የምገኘው፣ አማትየዋን እጇን ይዤ ወደ ቤቷ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ባህል ደሞ ሁሌ ሴት ላይ ነው ያለሽ ማነው? አያቴ አርሲ ናት። ሲንቄ የሚባል ዱላ ነበራት፣ የተጋባች ቀን የተሰጣት፣ ቀጭን፣ ቅቤ የጠጣ፣ ማንንም የምትመታበት አይደለም። አንዷ ሚስት፣ በተለይ አራስ ሆና ከተመታች እልልታ ታሰማለች፣ የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ትታ ሲንቄዋን አንስታ ትወጣለች። ላም አይታለብ፣ እሳት አይነድ፣ ልጅ ለአባቱ። ሽማግሌዎቹ ተለማምጠው፣ ሰውየው ከብት አውጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀ አይገቡም። የትኛው ፖሊስ ጣቢያ ነው ያንን የሚያህል?

አንድ ሌላም አለ፣ መናገሩ ራሱ ይከብደኛል። እድር ላይ ሳለሁ ሴቶች ጆሮዬ ላይ የሚነግሩኝ ነገር አለ። ማታ ማታ፣ በግድ፣ ታማ፣ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ። እስቲ ያንን ይዛ ወዳንቺ ብትመጣ ምን ትያታለሽ?

ጠበቃዋ፦ ክስ የለውም እላታለሁ። እንዲህ ብዬም አውቃለሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መድፈርን ሲተረጉም "ከጋብቻ ውጪ" ይላል፣ በነዛ ሁለት ቃላት ባል ነጻ ነው። ካቆሰላት በአካል ጉዳት እከሳለሁ፣ በሌላው አልችልም። በዚህ ረቱኝ።

ስለ ሲንቄ የሚሉት ግን፣ እትዬ፣ እዛው አርሲ ነው እኮ የ14 አመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ ተጠልፋ ተወስዳ ስታመልጥ የጠለፋትን የገደለችው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ። ሽማግሌ ተቀመጠ አይደል? ቤተሰቧ ካሳ ይክፈል፣ እሷ ከቀዬው ትውጣ ነው ያሉት። ራሷን ስለተከላከለች ነው ብሎ ነጻ ያወጣት ፍርድ ቤት ነው፣ የቆሙላትም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጠበቆች ናቸው። ያኔ ሕጉ ራሱ፣ የ1949ኙ፣ ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቅር ይል ነበር። ሽማግሌው ደሞ እሱን ነበር የሚያመቻቸው፣ "ደም ከምትቃቡ ተዛመዱ" እያለ። የ1996ቱ ሕግ ነው ያንን ቀዳዳ የደፈነው። ሲንቄ አራሷን አድኖ ይሆናል፣ የተጠለፈችዋ ግን ገና ሚስት አይደለችም፣ ዱላው አልተሰጣትም።

ሽማግሌዋ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ዱላው አልተሰጣትም... እውነት ነው።

ጠበቃዋ፦ ሌላ ልጨምር፣ ይሄ ሰው የማያውቀው ነው። ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት፣ ማለትም ጉዳት ያላደረሰ ምት፣ በግል አቤቱታ ነው የሚያስከስሱት። ተበዳይዋ አቤቱታዋን ካነሳች መዝገቡ ይዘጋል። ስለዚህ ሽማግሌ ምን ያደርጋል መሰልዎት፣ ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ ቤቷ ይመጣል። ነጭ ጋቢ፣ ጭራ፣ "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ለእግዜር ብለሽ።" ካህን አብሮ ካለማ አለቀ። ጠዋት ጣቢያ ሄዳ "ተስማምተናል" ትላለች። ፖሊሱ ደስ ይለዋል፣ ፋይል ተዘጋለታ። አንዴ አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ "ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ" ብሎ ተረተ፣ ሌሎቹ ሳቁ፣ እሷም ፈገግ አለች፣ ምን ታርግ።

ሽማግሌዋ፦ እኔ ባለሁበት ያቺን ተረት የሚተርት የለም። ምላሱን ነበር የምይዝለት።

ጠበቃዋ፦ እርስዎ ባሉበት አዎ። ከሰባቱ ስንት ሴት ነዎት?

ሽማግሌዋ፦ አንድ። እንኳን ሰባት ሆነን፣ ባለፈው ለአንድ ጉዳይ አስራ አንድ ሆነን ተቀምጠን አሁንም አንድ ነበርኩ። ቡናውንም እኔ ነኝ ያፈላሁት ካልሽ፣ አዎ እኔ ነኝ።

ግን ቁጥር ካልሽ እኔም ልጄ ያነበበችልኝ አለኝ፣ የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ላይ ያለው። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከመቶ 66ቱ ለማንም ትንፍሽ አላሉም፣ እርዳታ የጠየቁት 23ቱ ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆን ብዙዎቹ የሄዱት ጎረቤት ጋ ነው፣ ቤተሰብ ጋ ነው። ባል ሚስቱን በምክንያት ቢመታ ልክ ነው ያሉት ሴቶች ደሞ ከመቶ 63፣ ሴቶች ነው ያልኩሽ። ታዲያ አንቺ ቢሮሽን ከፍተሽ ብትጠብቂ ማን ይመጣል? መጀመሪያ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ለጎረቤቷ ነው የምትነግረው። ያቺ ጎረቤት እኔ ነኝ። እኔን "ዞር በይ" ካልሽኝ ያቺ ሴት ዝም ነው የምትለው።

ጠበቃዋ፦ ዞር ይበሉ አላልኩም! ይስሟት። ሰምተው ግን ይዘዋት ይምጡ፣ አያስታርቋት ነው የምልዎት። ጎረቤት መሆንና ዳኛ መሆን ይለያያል እኮ። ንብረት ላይ፣ ልጅ ማን ጋ ይደር የሚለው ላይ ይታረቁ፣ ይስማሙ፣ ፍርድ ቤቱ ያጸድቅላቸው፣ ሕጉም ይፈቅዳል። የእህትዎን ጉዳይ ያነሱት ለዛ ነው፣ እሺ። እግረ መንገዴን ግን የልጆቹ ቀለብ እንዴት ሆነ?

ሽማግሌዋ፦ በየወሩ ጤፍና ዘይት ያመጣ ነበር።

ጠበቃዋ፦ ነበር?

ሽማግሌዋ፦ ሁለት አመት አመጣ። ከዛ አገባ።

ጠበቃዋ፦ ቀለቡ በብር ተቆርጦ ውሳኔ ላይ ቢገባ ኖሮ አፈጻጸም ከፍተን ከደሞዙ እናስቆርጠው ነበር። ከጤፍ ላይ ምን ይቆረጣል።

ሽማግሌዋ፦ አፈጻጸም አልሽኝ ደግሞ። እግሬ ሲሰማው ራሱ ያመዋል። እሺ፣ ብር ይጻፍ፣ በዚህ ልስማማልሽ። በዱላው ግን አልስማማም። እስር ቤት የገባ ሰው ከፍቶ ነው የሚወጣው፣ ስድስት ወር ታስሮ ወጥቶ ሚስቱን የፈጀ አይተናል ሰምተናል፣ ያን ጊዜ ሕጉ የት ነበር? ወደ ቤቷ እንዳትደርስ የሚል ወረቀት ሰጥታችኋት ነበር?

ጠበቃዋ፦ ይሄ ነው የኔም ቁስል። ፍቺ ከጠየቀች ዳኛው ከጋራ ቤቱ ማን ይውጣ የሚለውን በጊዜያዊነት ሊወስንላት ይችላል። ፍቺ ሳትጠይቅ ግን፣ መታኝ ብላ ብቻ፣ "አትቅረባት" የሚል ትእዛዝ ይሰጠኝ የምትልበት አንቀጽ በቤተሰብ ሕጉም በወንጀል ሕጉም ውስጥ አላገኘሁም። ዋስ ጠርቶ ማታውኑ እዛው አልጋ ላይ ይተኛል። ማረፊያ ቤቶቹ ደሞ ከሚመጣው ሴት አንጻር ጣት የሚያህሉ ናቸው፣ አልጋ ስጠይቅ ስንቴ ተመልሻለሁ።

ሽማግሌዋ፦ እና እስከዚያው?

ጠበቃዋ፦ እስከዚያው እትዬ ቤት ትደር።

ሽማግሌዋ፦ አድረው ያውቃሉ። ፍራሽ አለኝ።

ያቺ የደብተር ወረቀቷ ሴትዮ ግን የት ደረሰች?

ጠበቃዋ፦ አቤቱታዋን እስካሁን አላነሳችም፣ ሁለት ጊዜ መጥተውባታል። በደሃ ደንብ፣ የዳኝነት ሳትከፍል፣ የፍቺ ክስ ከፍቼላታለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ሶስት ሰአት ቀጠሮ አላት። ብቻዋን ኮሪደር ላይ እንዳትቆም ፈልጌ ነበር፣ እኔ ሌላ ችሎት አለብኝ።

ሽማግሌዋ፦ እመጣለሁ። ኮሪደሩን አውቀዋለሁ፣ የት ጋ ወንበር እንዳለም አውቃለሁ። ግን ልንገርሽ፣ ቀጠሮው ይተላለፋል፣ እንደሚተላለፍ አንቺም ታውቂያለሽ፣ የዛን ቀን ይዣት ሄጄ ቡና አጠጣታለሁ፣ ከዛ ስልኩን ከሷ ተቀብዬ ሰውየውን አናግረዋለሁ።

ጠበቃዋ፦ እትዬ አይደውሉለትም።

ሽማግሌዋ፦ አንዴ ብቻ።

ጠበቃዋ፦ አይደውሉለትም አልኩ!