«አራተኛ ክፍል ተምረነዋል»

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ወሬው ስለ ምርምር በጀት ነው። እንግዳው የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሚሌይ የሳይንስን በጀት መቁረጣቸውን አደነቀና እንዲህ አለ፤ «ተክል ብርሃን እንደሚፈልግ አራተኛ ክፍል ተምረነዋል እኮ! ሌላ ምን የሚጠና አለ?» አዘጋጁ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

ከምሳሌ ሁሉ ይህንን መምረጡ ነው ጉዱ! እዚያው አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ፣ የአልቤርቶ ኮርንብሊት ቤተ ሙከራ ይህንኑ ነው ያጠናው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጥቷል።

ጂን መጀመሪያ አርኤንኤ ወደሚባል የመልእክት ቅጂ ይገለበጣል። ግልባጩ እንዳለ ሥራ ላይ አይውልም፤ ትርፉ ተቆርጦ ይወጣል፣ የቀረው ይቀጣጠላል። አንድ ጣቃ እንደ አቆራረጡ ቀሚስም ሱሪም ይወጣዋል። አራቢዶፕሲስ በምትባል ሚጢጢ ተክል ውስጥ አቆራረጡን ብርሃን ይለውጠዋል። አርኤስ31 የሚባለው ጂን ብርሃን ሲያገኝ ፕሮቲን የሚሠራው ግልባጭ ይበዛል። ጨለማ ሲሆን ሌላ ዓይነት ይበዛል፤ እሱም ጂኖቹ በሚቀመጡበት የሕዋስ አስኳል፣ ኑክሊየስ ውስጥ፣ ተቀብሮ ይቀራል። (ይህ ጂን ራሱ የሚሠራው ከቆራጮቹ አንዱን ነው። መቀሱም ይቆረጣል!)

ታዲያ ብርሃኑን ማን አየው? ማንም ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው የተክሉን «ዓይኖች»፣ ብርሃን የሚለዩትን ፕሮቲኖች፣ ፋይቶክሮምንና ክሪፕቶክሮምን ነው። እነሱ የጎደሏቸው ተክሎች ተሞከሩ። አቆራረጡ እንደወትሮው ተለወጠ። ዳይዩሮን የተባለው የአረም መድኃኒት ሲጨመር ግን ነገሩ ቀጥ አለ። ዳይዩሮን የሚያግደው ፎቶሲንተሲስን፣ ተክሉ በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበትን ሥራ፣ ነው። ለካ ወሬውን ወደ ኑክሊየስ የሚልከው ይህ ሥራ የሚካሄድበት የሕዋሱ ክፍል፣ ክሎሮፕላስት፣ ኖሯል። ጓዳው ሳሎኑን ያዛል ማለት ነው።

እኔን አፌን ያስያዘኝ ግን ሥሩ ነው። ቅጠሉ ብርሃን ሲያገኝ የሥሩም አቆራረጥ ይለወጣል። ቅጠልና ሥሩን ቆርጠው ለያዩና ብርሃን አበሩ። ሥሩ ምንም አልሰማም። ብርሃኑ እሱም ላይ እየበራ እኮ ነው! ወሬው የሚመጣለት ከላይ፣ ከቅጠሉ ነው። ይህንን የትኛው አራተኛ ክፍል ነው የሚያስተምረው? ልጄን ነገውኑ አስመዘግባታለሁ።

እሺ፣ በዚህ ጥናት የስንዴ ዋጋ አይቀንስም። ይህን ያህል እቀበላለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን ንክች የለም። አላዋቂነቱን ቁጠባ ብሎ የሚጠራ ሰው ምርምር ላይ አስተያየት ባይሰጥ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ያው ቤተ ሙከራ ምክንያቱን አገኘ፤ ፍጥነት ነው። ብርሃን ሲኖር ጂኑን የሚገለብጠው ማሽን ይፈጥናል፣ በጨለማ ያዘግማል። ጣቃው ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ቆራጩ ሌላ ቦታ ላይ መቀሱን ለማሳረፍ ጊዜ ያገኛል። በ2022 ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ይህንኑ የፍጥነት ነገር ይዘው ከሌሎች ጋር አይጦች ላይ ሠሩ። የሕፃናትን ጡንቻ ለሚያከሳ የዘር በሽታ የሚሰጥ፣ አቆራረጥ የሚያርም መድኃኒት እንዴት እንደሚበረታ አሳዩ።

እንግዳችን ይህንንስ ስንተኛ ክፍል ተምሮት ይሆን?