መጀመሪያ ዋቢውን እዩ
ስለ መጻሕፍት በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት «ታሪክ ለቁም ነገር፣ ልቦለድ ለጊዜ ማሳለፊያ» የሚል ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው የሚጥሙት። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ልቦለድ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። እሱን ስትጨርሱ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» አንሡና የወረራውን ዘመን ብቻ አንብቡ። ከዚያ በስድስት ኪሎ ስታልፉ የየካቲት 12 ሐውልት የታክሲ መውረጃ ምልክት ብቻ አይሆንባችሁም። በዚያው ጽሑፍ ሥር «ወፍራም መጽሐፍ ማን ይጨርሳል?» ብለሽ ለጻፍሽው እህቴ፣ የአዳም ረታ ልቦለድ «የስንብት ቀለማት» ከ900 ገጽ በላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለጀማሪ እኔም አልመክረውም። አጫጭር ታሪኮቹ ይቅደሙልሽ፣ «አለንጋና ምስር»ን ሞክሪው። አዳዲስ የታሪክ መጻሕፍት ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አዟሪው ቁልሉን በክንዱ ታቅፎ «ትኩስ ነው፣ ዛሬ የወጣ!» ሲላችሁ፣ ሽፋኑን ተዉትና ከጀርባ ገልጣችሁ ዋቢ መጻሕፍት መኖራቸውን እዩ። ከሌሉ፣ ደራሲው የፈለገ ማዕረግ ቢደረድር ኪሳችሁን አትዳብሱ።