104 ካሬው ውስጥ የዶሮዋ ቤትም አለች

ግብር አልከፍልም ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ይቺን ላስቀድም፣ ምክንያቱም «ታዲያ መንገዱ በምን ይሠራ?» የሚለኝ አይጠፋም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤትና የቦታ ግብሩን በጊዜው ከፍሎ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ደረሰኞቹ ዛሬም አሉ፤ አንዳንዶቹ ቀለማቸው ጠፍቶ ባዶ ወረቀት መሰሉ እንጂ። የኔ ብሶት «ይሄን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?» ብዬ ጠይቄ እስከ ዛሬ መልስ ማጣቴ ነው።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። አባቴ በ1986 ዓ.ም. የሠራት ጭቃ ቤት፤ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን። እናቴ ብቻዋን ትኖርባታለች፣ እኔ ከተማ ውስጥ ተከራይቼ ነው ያለሁት። አምና 312 ብር ነበር የከፈልነው። ዘንድሮ አንዲት ወረቀት መጣች፦ 2,870 ብር። ደግሜ አነበብኩት። ነጠላ ሰረዙ የነጥብ ስህተት ይሆን ብዬ መነጽሬን ጠርጌ ሁሉ አየሁት።

ወረቀቷ ላይ ያለው ይሄ ብቻ ነው፦ ስፋት 104 ካሬ፣ የግድግዳ ዓይነት ብሎኬት፣ የቦታ ደረጃ 1፣ የሚከፈል 2,870። በቃ። በመካከሉ ያለው ሒሳብ የለም። ሱቅ ገብታችሁ ዘይትና ሽሮ ገዝታችሁ «ድምሩ ይሄ ነው፣ የነጠላ ዋጋውን አትጠይቂ» ብትባሉ ትከፍላላችሁ?

«ማን ለካው?» አልኳት እናቴን። «አንድ ልጅ መጥቶ ነበር» አለች። «ደህና ልጅ ነው። ቡና ላፍላልህ ብለው እቸኩላለሁ እማማ አለኝ።» ቆሎውን ይዛለት እስክትወጣ በር ላይ ደርሶ ነበር። አቦል ሳይፈላ 104 ካሬ ለክቶ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ቤት ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። እሱ ሜትሩን ይዞ፣ እኔ ደብተር። ቤቱ 7 በ8 ነው፣ 56 ካሬ። ማድቤቱ 3 በ4፣ 12። ሁለቱ ሲደመሩ 68። ታዲያ 36ቷ ካሬ ከየት መጣች? ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስደምር ስቀንስ አመሸሁ። በመጨረሻ የገባኝ ቆርቆሮው ከግድግዳው ወደ ውጭ መውጣቱ ትዝ ሲለኝ ነው። በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፣ ዝናቡ ጭቃውን እንዳያጥበው። ልጁ ግድግዳውን ሳይሆን የክዳኑን ጫፍ ነው የለካው! እንደዚያ ሲሆን 8.2 በ9.2፣ 75 ካሬ ከምናምን። ማድቤቱ 12። ግድግዳ የሌላት፣ እናቴ በርበሬ የምታሰጣባት በረንዳ 16። ሲደመር 103።

አንዷ ካሬ ቀረችኝ።

አንዷ ካሬ የዶሮዋ ቤት ናት። ጓሮ ያለችው፣ በተረፈ ቆርቆሮና በአሮጌ በር የተሠራችው። ለክቼ አረጋግጫለሁ፣ አንድ በአንድ ናት። እሷ ካልገባች 104 አይሞላም። እናቴ ስነግራት ሳቀች፤ ቆይታ ግን «ዶሮዋማ ከሞተች ቆየች እኮ» አለች። ለባዶ ቤት ነው እንግዲህ የምንገብረው።

ብሎኬት ወደሚለው ልምጣ፣ ይሄኛው ነው ከሁሉ ያቃጠለኝ። የጣናን እርጥበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃ ቤት ካልተለሰነ ከሥሩ ይበላል፣ ምስጡም ከማገሩ ይጀምራል። ስለዚህ አባቴ ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በፊት ብር ሲያገኝ ከውጭ በሲሚንቶ አስለሰነው፣ ቀለምም አስቀባው። ከመንገድ ላይ ስታየው ብሎኬት ይመስላል፣ አልክድም። ግን በጣትህ ብታንኳኳው ትለየዋለህ፤ ጭቃ ድፍን ነው፣ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል፣ ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይመልስልሃል። ማንኳኳቱ እንኳ ቢቀር፣ በጓሮ በኩል ልስኑ አንድ ክንድ ያህል ተገንጥሎ ወድቋል። ጭዱ ይታያል። ማገሩ ላይ የታሰረው ልጥ ሳይቀር ይታያል። ልጁ የዶሮዋን ቤት ሲለካ እኮ እዚያው ጎኑ ነው የቆመው!

የቦታ ደረጃው ደግሞ ከ3 ወደ 1 ዘሎ መጥቷል። ስጠይቅ «አዲሱ ድልድይ አለ አይደል» አሉኝ። አዎ አለ። ግንቦት 2016 ሲመረቅ እኔም ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ፎቶ ተነስቻለሁ፣ 380 ሜትር ነው፣ ያምራል፣ ኮርቼበታለሁ። ግን ድልድዩ ያረፈው እናቴ ጓሮ አይደለም። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ወደ እኛ ቤት ስትመጡ በክረምት ባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ «ከዚህ በላይ አልገባም እህቴ፣ ይይዘኛል» ብሎ ያወርዳችኋል። የቀረውን ጫማ አውልቆ ነው። ደረጃ 1 ማለት ይሄ ከሆነ ደረጃ 3 ታንኳ ሊኖረው ይገባል።

እኔ ሒሳብ ያዥ አይደለሁም፣ ነገሩ ሲብስብኝ ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የቤት ግብር የሚሰላው በዓመታዊ የኪራይ ግምት ነው። ቤቱ ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ይገመትና ከዚያ ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ይወሰዳል። ተከራይ ባይኖርም፣ እናቴ ራሷ ብትኖርበትም። ይሁን። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። የንብረቱ ዋጋ ይገመታል፣ ከዚያ 25 በመቶው ይያዝና እሱ ላይ ምጣኔ ይጣልበታል፤ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት መጠቀሚያው ከ0.2 እስከ 1 በመቶ። (መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል፤ እኛ የምንገብረው ለመጠቀሚያው ነው። ይሄን እናቴን ማስረዳት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ለምን ይሄን ሁሉ ጻፍሽ ትሉኛላችሁ። ልዩነቱን በሒሳብ እዩት። ሕንፃው ሁለት ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። ሩቡ 500,000 ነው። በ0.1 ቢሆን 500 ብር፣ በ1 ቢሆን 5,000 ብር። ያው ሕንፃ፣ ያው ግምት፣ አሥር እጥፍ! እንግዲህ በኪራይ ነው በዋጋ? በዋጋ ከሆነ ስንት ተገመተ? በስንት በመቶ? እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳይነግሩህ 2,870 ብቻ ከሰጡህ፣ ትክክል ይሁን ስህተት በምን ታውቃለህ? ላይበዛም ይችላል እኮ! ሒሳቡን ቢያሳዩኝና «ይኸው» ቢሉኝ እከፍላለሁ።

ከሥራ አስፈቅጄ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። ቢሮውን አልጠራም፣ ባለጉዳይ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ክፉ አይደለም፣ ደክሞታል።

«ወንድሜ፣ ይሄ በየትኛው ሕግ ነው የተሰላው?»

«ሲስተሙ ነው የሚያወጣው።»

«ሲስተሙ ውስጥ 104 ብሎ ያስገባው ማነው?»

«ባለሙያው።»

«ባለሙያውን ላግኘው?»

«ፊልድ ወጥቷል። ነገ ሞክሪ።»

ነገም ፊልድ ነው። ከነገ ወዲያ ስብሰባ ነው። አርብ «ሲስተም የለም»። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንዲሉ፣ እኔም ሰማያዊ ፋይሌን ይዤ ከአንደኛ ፎቅ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ መዝገብ ቤት።

በሁለተኛው ሳምንት ቅሬታ በጽሑፍ አቅርቢ ተባልኩ። ጻፍኩ። የመዘገብኩትን ልክ፣ የግድግዳውን ፎቶ፣ የአባቴን የድሮ ደረሰኝ ኮፒ አያይዤ አስገባሁ። አንዷ ሴትዮ አገላብጣ አየችውና «ካርታው በማን ስም ነው?» አለችኝ።

«በአባቴ።»

«እሳቸው ይምጡ።»

«አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያው ስም ሳይዞር ቅሬታ አንቀበልም።»

ስም ለማዞር ሄድኩ። እዚያ ደግሞ የግብር ክሊራንስ፣ ዕዳ የለባችሁም የሚል ወረቀት፣ አምጪ አሉኝ። ክሊራንስ የሚሰጠው የዘንድሮ ግብር ሲከፈል ነው። የዘንድሮ ግብር ማለት ያ 2,870 ነው። ገባችሁ? «ይሄ ግብር ልክ አይደለም» ለማለት መጀመሪያ ግብሩን መክፈል አለብኝ፣ ከዚያ ስም ማዞር፣ ከዚያ «ልክ አይደለም» ማለት። ለመክፈል ሲሆን ማን ነሽ የሚል የለም፤ ገንዘብ ቤት ሄጄ በአባቴ ስም ልክፈል ብል በፈገግታ ይቀበሉኛል። የሞተ ሰው መክፈል ይችላል፣ መጠየቅ ግን አይችልም።

በመጨረሻ እናቴን በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። የጋብቻ ማስረጃዋን፣ የወራሽነት ውሳኔውን፣ መታወቂያዋን። ሴትዮዋ እናቴን ስታይ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት፣ «እማማ ይቀመጡ» አለች፣ ያንኑ ደብዳቤ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለች። እኔ ስሄድ የነበረው መመሪያ የት ሄደ? ደስ ልበል ወይስ ልናደድ አላወቅኩም። እናቴ ግን «መልካም ልጅ ናት» ብላ መርቃት ወጣች።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ቁጥር ወጣለት። ቀኑ አልፏል ሊሉኝ ሞክረው ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው መስከረም ላይ ነው፣ ለጎረቤት ተሰጥቶ እኛ ጋ የደረሰው ጥቅምት ማለቂያ። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 እንኳ የቅሬታ 21 ቀኑን የሚቆጥረው ውሳኔው ለግብር ከፋዩ ከደረሰበት ቀን ነው። «ያ የፌዴራል ነው» አሉኝ። እሺ፣ የእናንተን አሳዩኝ ስል ዝም። ዝም ብለው ግን ተቀበሉት፣ እሱም አንድ ነገር ነው።

ትናንት ውጤቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ፋይሉን አውጥተው አሳዩኝ። ከደብዳቤዬ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለሚመለከተው ባለሙያ፣ በአካል አጣርተህ አስተያየት አቅርብ» ተብሎ ተመርቶበታል። የሚመለከተው ባለሙያ ማነው? ያው አቦል ሳይፈላ የሄደው ልጅ። በራሱ ልኬት ላይ ራሱ አስተያየት ሊሰጥ ነው። «ሌላ ሰው አይላክም?» ብል «ያንን አካባቢ የያዘው እሱ ነው» አሉኝ። መቼ ይመጣል? መኪና ሲገኝ። መኪናው መቼ ይገኛል? ነዳጅ ሲገኝ።

እስከዚያ እናቴን ግድግዳውን እንዳታስጠግን ለምኛታለሁ። በየዓመቱ ለፋሲካ የወደቀውን ልስን ታስደፍናለች፣ እንግዳ ይመጣል፣ ነውር ነው ትላለች። ዘንድሮ «እማዬ፣ ጭዱ ይታይ፣ ማስረጃችን እሱ ነው» አልኳት። በላዩ ላይ ላስቲክ ሰቅላበታለች፣ ዝናብ እንዳይገባበት። የዶሮዋን ቤት ግን አላስችል ብሏት አፍርሳ በርዋን ለማገዶ ፈልጣዋለች፤ ስለዚህ ቢያንስ 103 ደርሰናል።

አባይ ማዶ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁን አውጡና ካሬውን ከቤታችሁ ጋር አስተያዩት። የክዳን ጫፍ ተለክቶባችሁ ያስተካከሉላችሁ ካላችሁ ደግሞ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ ጻፉልኝ። ሰኞ ደግሞ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።