«ዲ ላይ ያለውን እንዳትነካ!»

ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ እንበል። ማንም ሳይነካው ማስታወቂያ ይከፍታል። ፍላሽ ሲሰካበት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ማውስ በቅጡ መያዝ የማይችል ዘመድ ሳይቀር ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ፎርማት ያስፈልገዋል» ይላል፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት ማለቱ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው። ነገር የሚበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው።

ፈጻሚው «ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ» ነው። በየቤተሰቡና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የተማረው ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን እምቢ ያለ ፕሪንተር አጥፍቶ ሲያበራው ሠራለት፤ ማዕረጉ በዚያው ጸደቀ። ልጁ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ባለንብረቱ መመሪያ ይሰጣሉ፦ «ሁሉንም አጥፋልኝ፤ ግን ምንም እንዳይጠፋ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ «ዲ ላይ ያለውን እንዳትነካ!»

ዲ ማለት ዊንዶውስ ከሚቀመጥበት ከሲ ተለይቶ ዕቃ የሚከማችበት የዲስኩ ክፍል ነው። ዲ ላይ ምን አለ? ፎቶ አለ፣ ደብዳቤ አለ፤ ይሁን። ግን «ሶፍትዌሮች» የሚባል ፎልደርም አለ። ከዚህም ከዚያም የተለቃቀሙ መጫኛዎች ታጭቀውበታል። ግማሾቹ የተሠሩለት ዊንዶውስ ከተረሳ ቆይቷል። ግን ማንም አይደፍራቸውም፤ «አንድ ቀን ይፈለጋሉ።» ቫይረስም አጥብቆ የሚፈልጋቸው እነሱኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታየው ሳሊቲ የሚባለው የቫይረስ ዘር «ኢኤክስኢ» የሚል ጭራ ያላቸውን የፕሮግራም ፋይሎች እያደነ ይለጠፍባቸዋል። እናም ሲ ተጠርጎ ንጹሕ ዊንዶውስ ይገባበታል። ቀጥሎ ልጁ ዲ ላይ ካለው ክምር የቪዲዮ ማጫወቻ ይጭናል። ቫይረሱም አብሮ ይጫናል።

ደህናው መንገድ አሰልቺ ነው። የማይወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ፎቶና ጽሑፍ ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። መጫኛው፣ ክራኩ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያሠራው)፣ ምንነቱ የማይታወቀው ዚፕ ሁሉ ይተዋል። ሲጫን የድሮ ፓርቲሽኖች (የዲስኩ ክፍሎች) በሙሉ፣ የተከበረው ዲም ጭምር፣ ተደምስሰው ዲስኩ እንደ አዲስ ይከፈላል። የተገለበጠውም ከመመለሱ በፊት ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ይፈተሻል። የፋይል ጭራ እንዲታይ ማድረግም ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ካልነገሩት በስተቀር ጭራ ይደብቃል፤ «ምርቃት.ጄፒጂ» የሚል ፎቶ ከኋላው «.ኢኤክስኢ» ሸሽጎ ሊሆን ይችላል። ምርቃት ነው ብሎ የከፈተው ሰው ምን ተመርቆ እንደሚነሳ መገመት ነው።

የልጁ ፍላሽ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ያልተሰካበት ኮምፒውተር የለም። ላዩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ከየት መጣ ሲባል «ከጓደኛዬ» ነው መልሱ። ጓደኛውም ጓደኛ አለው። ማይክሮሶፍት የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃውን በራሱ ድረ ገጽ በነጻ ይሰጣል። የሚፈልገው ያልታመመ ኮምፒውተርና ቢያንስ 8 ጊጋባይት ያለው ፍላሽ ነው። ግን «ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ያስጠነቅቃል። እዚህ ላይ ሥራው ይቆማል። ልጁ ፊልም አለበት።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ክራኩ ነው። የመጣነው ቫይረስ ልናባርር ነው አይደል? ዊንዶውሱ ተጭኖ አልቋል። አሁን አክቲቬተር፣ ያልተገዛውን ዊንዶውስ የተገዛ የሚያስመስለው ክራክ፣ ይወጣል። አብሮት መመሪያ አለ፤ አንደኛው ተራ ላይ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ሌባ በር አንኳኩቶ «መጀመሪያ ውሻውን እሰርልኝ» ቢል ማን ይታዘዘዋል? እዚህ ግን በደስታ ይታሰራል። አንቲቫይረሱ ቢጮህ እንኳ «ክራክ ስለሆነ ነው፣ እንዲህ ማለቱ ያለ ነው» ተብሎ ይገሰጻል። ቀጥሎ የሚጫነው ራሱ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ነው። በዚህ ላይ ምንም አልጨምርም።

ድሮ ቢያንስ ሰበብ ነበረን። እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር የሚባለው ዎርም (በኔትወርክ ራሱን የሚያሰራጭ ቫይረስ) ሲስፋፋ፣ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኢንተርኔት ላይ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያዝ ይችል ነበር፤ ማሻሻያው ወርዶ ሳያልቅ። ዛሬ ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው ፋየርዎል ከዊንዶውሱ ጋር በርቶ ይመጣል። አሁን በሩን ከውስጥ የምንከፍተው እኛው ነን።

ፓስወርድም አለ። አንዳንዱ ጥንቁቅ ሰው ቫይረስ መኖሩን ሲሰማ እዚያው የታመመው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ፓስወርዶቹን በሙሉ ይቀይራል። የሚሰልል ፕሮግራም ካለበት አዲሶቹን አንድ በአንድ አስረከበ ማለት ነው። መቀየሩስ ይቀየር፤ ግን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ። ብሮውዘሩንም አትርሱ። ከጭነቱ በኋላ አካውንት ሲገባ ሲንኩ (በአካውንቱ የተቀመጠውን መልሶ የሚያመጣው) የድሮ ኤክስቴንሽኖችን፣ ብሮውዘሩ ላይ የሚለጠፉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ በሙሉ መልሶ ይደረድራል። ያ ማስታወቂያ ሲከፍት የነበረው ኤክስቴንሽንም ሳይጠራ ከች ይላል።

ሳይቆይ ኮምፒውተሩ ያመዋል። ልጁ ይጠራል። ፍላሹን ሰክቶ፣ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄማ ባዮስ ውስጥ ገብቷል» ይላል፤ ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘው ሎጃክስ የሚባለው ቫይረስ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ተደብቆ ዲስክ ቢቀየር እንኳ ይተርፍ ነበር። ግን ብርቅ ነው፤ ዒላማዎቹም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የባለንብረቱ የምርቃት ፎቶዎች ያን ያህል ጠላት የላቸውም። እሳቸው ግን «ባዮስ» የሚለውን ሲሰሙ ክብር ቢጤ ተሰማቸው። ለየመጣው እንግዳም ያወሩት ጀመር።

በመጨረሻ ሌላ የሚያውቅ ልጅ ተፈልጎ ተገኘ። እሱም ስክሪኑን ገና ሲያየው ፈገግ አለና፣ «ጋሼ፣ ማነው እንዲህ አድርጎ የጫነልዎት?»